ምድር ቤታችሁ ውሃ ካስገባ፦ ለደብረ ብርሃንና ለሰሜን ሸዋ ደጋ

በደብረ ብርሃን፣ በጫጫ፣ በደነባና በእነዋሪ ሜዳ ላይ የተሠራ ምድር ቤት ውሃ የሚያስገባው ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ብቻ አይደለም። ውሃው ውጭ መሄጃ አጥቶ ግድግዳው ሥር ስለሚቆም ነው። ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ሰው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ከውስጥ ይለስናል፣ ቀለም ይቀባል፤ ነሐሴ ላይ ልስኑ ተልጦ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘዋል። ገንዘቡም ልፋቱም ያሳዝናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፦ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለዩ፣ ቀጥሎ ከቤቱ አርቁት፣ የምትደፍኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ከውስጥ መለሰን ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ግፊቱ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የቆመ ውሃ ከሥሩ ባለው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ኪሎ ግራም ይጫናል። ውጭ ያለው አፈር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ከጠገበ፣ የግድግዳው እግር በካሬ ሜትር 1,500 ኪሎ ተጭኖበታል ማለት ነው። ከውስጥ የተቀባ ቀለም ይህን የሚችልበት አቅም የለውም፤ ውሃው ከጀርባው እየገፋ ይነፋዋል፣ ያፈነዳዋል። ጄሶ ሲሆን የባሰ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልስና ከግድግዳው ይለቃል። ከአፈር ጋር በሚነካካ ግድግዳ ላይ ጄሶ ፈጽሞ አታስመቱ።

የመረሬ ጠባይ

የዚህ አገር መረሬ፣ ማለትም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው ጥቁር አፈር፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ሊያስገባ፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከቤቱ ጋር የተጠጋው አፈርም ከግድግዳው ይሸሽና ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ውሃው ላይ ላዩን አይፈስም፤ በዚያ ክፍተት ቀጥ ብሎ መሠረቱ ዘንድ ይወርዳል። ብዙ ቤት ገና በክረምቱ መግቢያ፣ ምድሩ ሳይጠግብ ውሃ የሚያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ መረሬው ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ የቤቱ ሰውም «ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም። አሁን ያበጠው አፈር ግድግዳውን እየገፋ ነው፤ የያዘውን ውሃም በቀላሉ አይለቅም። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ቢባልም ምድር ቤት ላይ አይሠራም፤ መረሬ የጠጣው ውሃ እስከ መስቀል፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ድረስ እየተንጠባጠበ ይወጣል።

በደብረ ሲናና በአንኮበር በኩል ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ሌላ ጠባይ አለው። ተራራው የጠጣው ውሃ በድንጋይ ንብርብር መካከል ይወርዳል፤ ለቤት መሥሪያ ተዳፋቱ ሲቆረጥ ያ መንገድ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እዚያ የሚያነባው ብዙ ጊዜ ወደ ተራራው የዞረው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ደረቅ ናቸው። ሥራውም በዚያው በላይኛው ጎን ላይ ይሆናል፤ አራቱንም ጎን መቆፈር ከንቱ ወጪ ነው።

ውሃው ከየት ነው?

የመጀመሪያው ፈተና ከአንድ ቁራጭ ላስቲክ በላይ አይጠይቅም። እርጥብ የሚመስለውን የግድግዳ ክፍል በጨርቅ አድርቁ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ስኮች ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ስኮቹ አልይዝ ካለ ጠርዙን በሲሊኮን ዙሩት። 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ሰዓት ተዉት። ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ በጎን እዩት። ጠብታው ላስቲኩ ከግድግዳው ጋር በተያያዘበት ፊት፣ በውስጥ በኩል ከሆነ ውሃው ግድግዳውን አልፎ እየመጣ ነው። ጠብታው እናንተ ባላችሁበት ፊት ላይ ሆኖ በጣት ስትነኩት የሚጠረግ ከሆነ ግን የአየር እርጥበት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ምድር ቤቱ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት፣ የተሰጣ ልብስና የሰው ትንፋሽ እዚያ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል። ለዚህ መፍትሔው አየር ማንሸራሸር እንጂ ቁፋሮ አይደለም። ምጣዱን ከምድር ቤት አውጡ፤ መስኮቱን የምትከፍቱት ደግሞ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ይሁን። በሐምሌ ቀትር ላይ መክፈት እርጥብ አየር መጋበዝ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቆጣሪው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ የሮቶውን መሙያም ዝጉ፣ ቁጥሩን ጻፉና ሁለት ሰዓት ቆዩ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ወይም መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ቀስ ብላም ቢሆን ከዞረች፣ ከቆጣሪው ወዲህ የተቀበረ ቧንቧ ፈንድቷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የምትሠሩት ውሃ በመጣበት ሰዓት መሆን አለበት፤ ባዶ መስመር ላይ የተሠራ ፈተና ምንም አይነግራችሁም። የፈረቃ ውሃ ሌላም ተንኮል አለው፦ ሌሊት ሲመጣና የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ሲበላሽ፣ ትርፉ በግድግዳው ላይ እስኪነጋ ይወርዳል። ምድር ቤቱ ዝናብ በሌለበት፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚረጥብ ከሆነ መጀመሪያ ሮቶውን ጠርጥሩ።

ሽታ ካለው ወይም ዓመቱን ሙሉ በአንድ መጠን የሚመጣ ከሆነ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ተመልከቱ። መጸዳጃው ውስጥ ደማቅ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ደጋግማችሁ ውሃ ልቀቁበት፤ በሚቀጥሉት ቀናት ግድግዳው ላይ ቀለሙ ከታየ ነገሩ ተረጋገጠ። ካልታየ ግን ጉድጓዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አፈር ቀለሙን ያስቀረዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ሲኖር ጓንትና ቦቲ ሳታደርጉ አትንኩት፣ ልጆችንም አርቁ።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ የቀረው ዝናብ ነው። ዝናብ በጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ገብቶ በማግስቱ የሚያቆም ውሃ ከጣሪያና ከግቢ ነው የመጣው። ዝናቡ ካቆመ ሳምንት አልፎትም የሚቀጥል የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ግድግዳው ላይ በየቀኑ ውሃው የደረሰበትን ልክ በከሰል አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት። ሁለት ሳምንት የተያዘ ምልክት ከማንኛውም ግምት ይበልጣል፤ ባለሙያ ስትጠሩም መጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነው።

ግድግዳው ላይ እንደ ዱቄት የሚነጣ ነገር ታያላችሁ። ጥቂቱን ፍቃችሁ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ ከሟሟ ውሃው ከግንቡ አጥቦ ያወጣው ጨው ነው እንጂ ሻጋታ አይደለም። በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በውሃ ብታጥቡት ወደ ውስጥ ተመልሶ ይሰርጋል።

መጀመሪያ ከጣሪያው ጀምሩ

ብዙ ሰው ቁፋሮ ሳይጀምር እዚህ ላይ ይገላገላል፤ ስለዚህ በጥሞና ሥሩት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ነው፤ በበርሜል 15። ሐምሌ ላይ ይህ የአንድ ሌሊት ዝናብ ሊሆን ይችላል። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ግድግዳው ሥር ያፈሳል።

አሸንዳው በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ይዘቅዝቅ። ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ ብታደርጉ አትጸጸቱም። መውረጃው መሬት ላይ ደርሶ እዚያው የሚፈስ ከሆነ ግን ሥራው ግማሽ ነው፤ ባልተበሳ ቱቦ ቢያንስ 3 ሜትር ከግድግዳው አርቃችሁ ልቀቁት። ከሰኔ ሚካኤል በፊት አሸንዳውን ጥረጉ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና በረዶ አንድ ላይ ሲሆኑ አፉን ይደፍኑትና ውሃው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ይገነፍላል።

ባሕር ዛፍ ከተነሣ፣ ከቤት 10 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ጠላት ነው። በበጋ ከመረሬው ውሃ ስለሚጠጣ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ሥሩም የተቀበረ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል።

ቀጥሎ ምድሩ። ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ ምድሩ 15 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ጥርት ያለ ጎማ ውሃ ሞልታችሁ በሁለት ጫፍ ይዛችሁ ለኩ፤ ዓይን ያታልላል። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ወርድና 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ማስደረግ ጥሩ ነው፤ መረሬው ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ብሶ ወደ ቤቱ ያዘነብላል። መረሬውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አውጥታችሁ ገረጋንቲ ሙሉ፣ ውሃ እያጠጣችሁ በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር ደልድሉ፣ ከዚያ ሊሾውን አፍሱ። ሊሾው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር አንድ ጣት ክፍት ትታችሁ በሬንጅ ሙሉት፤ ሲሚንቶ ብትሞሉበት የመጀመሪያው በጋ ይከፍተዋል።

ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁ። የተዳፋት ሰፈር ከሆነ ከላይና ከታች ካሉት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ የጋራ ቦይ አውጡ፤ በየፊናው ከተቆፈረ ቦይ ርካሽም ዘላቂም ነው። ወደ መንገድ ቦይ ለማገናኘት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ጠይቁ።

ከውጭ መቆፈር

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላም ውሃው ከመጣ ወደ ቁፋሮ ግቡ። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሲሚንቶ መጠጠሩን ያቆማል ለማለት ይቻላል፣ በውስጡ ያለው ውሃ ከረጋ ደግሞ ልስኑ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የካቲት ላይም ቢሆን ልስን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሳችሁ ማታ በጆንያና በላስቲክ ሸፍኑት። የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጉድጓዱን ክፍት አድርጋችሁ ለሳምንታት አትተዉት።

ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጥልቀቱ ከምድር ቤቱ ወለል በታች ይውረድ፤ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን ፈጽሞ አትቆፍሩ፤ ቤቱ የቆመበትን ማውጣት ነው። ርዝመቱንም በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ግድግዳው 10 ሜትር ከሆነ በአምስት ባለ 2 ሜትር ክፍሎች ከፍላችሁ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ሥሩ፤ እነዚህ ተሞልተው ከተደለደሉ በኋላ 2ኛውንና 4ኛውን። በየክፍሉ ጫፍ ከታች የሚነገረውን ሜምብሬን (ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ውሃ የማያሳልፍ የሬንጅ ምንጣፍ) 20 ሳንቲ ሜትር ትርፍ፣ ከግድግዳው ሥር የሚቀበረውን የውሃ ማስወገጃ ቱቦ አፍም በላስቲክ ታስሮ ተዉት፤ ቀጣዩ ክፍል ከዚያ ይቀጥላል።

እዚህ ሥራ ላይ ሰው ይሞታል። መረሬ ደረቅ ሲሆን ግድግዳ መስሎ ይቆማል፤ አንድ ሌሊት ዝናብ ከነካው ሳይናገር ይናዳል። ጥልቀቱ ከሰው ወገብ ካለፈ ጎኑን በጣውላና በአጠና ደግፉ ወይም በደረጃ ቁረጡት። የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ። ሰው ብቻውን እንዳይወርድ፣ ከላይ ሁልጊዜ የሚያየው ይኑር።

ግድግዳው ሲገለጥ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። የድንጋይ ግንብ ከሆነ መጋጠሚያውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቃችሁ በአንድ ለሦስት ድብልቅ ሙሉት። ከዚያ ርጭት፣ በማግስቱ የመጀመሪያ ልስን፣ ሳይደርቅ ጭረት፣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ልስን፤ ሁለቱ ተደምረው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው። 50፣ 40 እና 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ በጣም ይቀርባል፣ ስለዚህ አንድ ከረጢት ለሦስት ሳጥን። አሸዋው በእጅ ስታሹት ጭቃ የሚተው ከሆነ አጥባችሁ ተጠቀሙ። ውሃ ከልካይ ኬሚካል ከጨመራችሁ ልኩን ከዕቃው ላይ አንብቡ፤ ማብዛት ልስኑን ያደክማል። ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀጥ ያለ ማዕዘን በድብልቅ ሞልታችሁ ክብ አድርጉት፤ ሜምብሬን በሹል ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ አጠጡት። ይህን ሰባት ቀን የዘለለ ሰው ስንጥቅ ራሱ እየሠራ ነው።

ልስኑ ሲደርቅ የሬንጅ ማስያዣ፣ ቀጥሎ ሁለት እጅ ሬንጅ፤ የመጀመሪያው አግድም፣ ሁለተኛው በ24 ሰዓት ልዩነት ቁመት። አቅም ካለ በላዩ በእሳት የሚለጠፍ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሜምብሬን አስለጥፉ፤ ጎኑ በጎኑ 10፣ ጫፉ በጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ጠጠር እንዳይቀደው ከፊቱ ስስ የብሎኬት ግንብ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን ይቁም።

ለ10 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ለ20 ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ይህን ይመስላል፦ 6 ከረጢት ሲሚንቶ ከብክነቱ ጋር፣ ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ አሸዋ፣ 25 ኪሎ ሬንጅ፣ ባለ 10 ካሬ ሜትር ሦስት ጥቅል ሜምብሬን፣ ባለ 6 ሜትር ሁለት ቱቦ፣ ከ13 እስከ 14 ሜትር ኩብ የታጠበ ጠጠር፣ ጠጠሩን የሚጠቀልል አፈር አጣሪ ጨርቅ።

የሥራው ልብ ቱቦው ነው። ልስኑና ሬንጁ እርጥበት ይከላከላሉ፤ የቆመ ውሃ የሚያስወግደው ግን ቱቦው ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ወስዳችሁ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሁለት ረድፍ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ብሱት። ቀዳዳው ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ ዘወር ብሎ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ወደ ላይ ያደርገዋል፤ ስህተት ነው። ውሃው ከታች ወደ ላይ እየሞላ ስለሚመጣ፣ ቀዳዳው ላይ ከሆነ ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ውሃው ቱቦውን አልፎ ከቆመ በኋላ ነው። በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ከሥሩ 10፣ ከላዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር (ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ) አድርጉና በጨርቁ እንደ ሕፃን ጠቅልሉት። ጨርቁ ከቀረ መረሬው በጠጠሩ መካከል ሰርጎ በጥቂት ክረምት ይደፍነዋል። ጆንያ ምትክ አይሆንም፤ ይበሰብሳል። በየማዕዘኑ አንድ ቱቦ ወደ ላይ አውጥታችሁ ክዳን አድርጉለት፤ ወደፊት በውሃ ለማጠብ ነው። የጣሪያውን መውረጃ ከዚህ ከተበሳሳ ቱቦ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የጣሪያውን ውሃ መሠረቱ ሥር ማከፋፈል ይሆናል።

የቱቦው መጨረሻ ከግቢው ዝቅ ባለ ቦታ ፊቱን ይክፈት፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አድርጉበት። ስትሞሉ ያወጣችሁትን መረሬ መልሳችሁ ግድግዳው ላይ አትጫኑ። ከምድሩ ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ድረስ ጠጠር፣ የመጨረሻው 30 ብቻ የተደለደለና ወደ ውጭ ያዘነበለ አፈር ይሁን።

ከውስጥ መድፈን

ከውጭ መቆፈር በማይቻልበት፣ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር ተያይዞ ከሆነ ወይም ውሃው አሁኑኑ እየገባ ከሆነ ከውስጥ ይሠራል። ውሃ እየፈሰሰበት እንኳ በደቂቃዎች የሚጠጥር ሲሚንቶ አለ፤ ስትገዙ የመጠጠሪያውን ደቂቃና ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አንብቡ፣ ከረጢቱ ቀድሞ ከተከፈተ አትውሰዱ።

ስንጥቁን በስካርፔሎና በመዶሻ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አድርጋችሁ ክፈቱ። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ይበል፤ አፉ የሰፋ ከሆነ ውሃው ድፍኑን እንደ ቡሽ ይገፋዋል። ብናኙን ጥረጉ፣ ግድግዳውን አርጥቡ። ዱቄቱን አንድ እፍኝ ብቻ በጥቂት ውሃ ለውሱ፤ ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። መዳፋችሁ ላይ ያዙት። ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ይሰማችኋል፣ ሊጡም ጠንከር ይላል፤ ያን ጊዜ ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ውሃው ያጥበዋል፣ ከዘገየ አይያያዝም። በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳታላውሱ ያዙት። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ በጣም የሚፈስበትን ቦታ ግን ለመጨረሻ ተዉት፣ ቀጭን ጎማ አስገቡበትና ውሃው በእርሱ ይውጣ። ሌላው ሁሉ ሲጠጥር ጎማውን አውጥታችሁ ያንን ድፈኑ። ይህን ሳታደርጉ በየቦታው ከዘጋችሁ ውሃው ከአጠገቡ አዲስ መውጫ ያበጃል።

ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት መስመር ከሁሉ በላይ ያስቸግራል፤ ወለሉ ከግድግዳው በኋላ ስለሚፈስ ሁለቱ በደንብ አይያዙም። ያንን መስመር ብቻ ደፍኖ መተው ውሃውን ከወለሉ ሥር ያስቀራል፣ ወለሉንም ያነሣዋል። እዚያ ከግድግዳው ሥር ትንሽ ቦይ አውጥታችሁ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ምሩት።

ጉድጓዱና ፓምፑ

በዝቅተኛው ማዕዘን 60 በ60፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አድርጉ። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ4 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 300 ሊትር ነው፣ በቀን 7,200፣ ማለትም 36 በርሜል። የምትገዙት ፓምፕ ውሃውን በምታወጡበት ከፍታ ላይ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይስጥ። ከፍታው ዕቃው ላይ በሰንጠረዥ ተጽፏል፤ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ እርሱ ምንም ከፍታ በሌለበት የሚሰጠው ነው።

በዚህ ደጋ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ከላይ ሆኖ ከሚስበው ይመረጣል። አየሩ ስለሳሳ ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ በሐሳብ ደረጃ እንኳ ከ7 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ አይችልም፣ በተግባር 5 ቢደርስ ነው። የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ተንሳፋፊ ያለው፣ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ የተገጠመለት ይሁን፤ ቫልቩ ከሌለ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይወርድና ፓምፑ በየደቂቃው ሲነሣና ሲጠፋ ይቃጠላል። መውጫውን ከቤቱ 3 ሜትር አርቁ። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ዶፍ በወረደበት ሰዓት ነውና ፓምፑ ብቻውን ተስፋ አይሁናችሁ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ጉድጓዱን በቱቦ ወደ ታች በራሱ እንዲወርድ ማድረግ ከፓምፕ ሁሉ ይበልጣል።

የፓምፑ መስመር በሳልቫ ቪታ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን በራሱ በሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ይጠበቅ፣ ሶኬቱ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ምድር ቤቱ ተጥለቅልቆ ካገኛችሁት መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፉ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አታስገቡ። የቤንዚን ሞተር ምድር ቤት ውስጥ አታስነሡ። ግድግዳውን ለማድረቅ ከሰል አያይዛችሁ በር መዝጋትም እንዲሁ ነው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ውሃው ብዙ ከሆነም በአንድ ጊዜ ጠርጋችሁ አታውጡት። ውጭ ያለው አፈር እንደጠገበ ውስጡን ባዶ ካደረጋችሁት ግድግዳው ወደ ውስጥ ይደረመሳል። በቀን ሲሶውን አውጡና ምልክት አድርጉ፣ በማግስቱ መልሶ ካልሞላ ቀጥሉ።

ለአሮጌ የድንጋይ ቤት

በመንዝና በተጉለት በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ላይ ከላይ ያለውን የሲሚንቶ ሥራ እንዳለ አትገልብጡበት። ጭቃው እርጥበቱን በመጋጠሚያው እያስተነፈሰ ነው የቆመው፤ በሁለቱም ፊት በሲሚንቶ ከታፈነ ውሃው መሃል ይቀርና ጭቃውን ያሟሟዋል። እዚያ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ የተቆፈረ ጠጠር የሞላ ቦይ፣ የተስተካከለ ምድርና አሸንዳ ይበቃሉ። መሠረቱን አትነካኩ።

ምድር ቤት እህል የምታስቀምጡ ከሆነ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ክረምት ሙሉ ሳያልፍ ጆንያ ወለል ላይ አታሳርፉ። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ሥሩ፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር አርቁት። የረጠበ ገብስና ባቄላ ቶሎ ይሻግታል፤ የሻገተውን አጥቦና አድርቆ መብላት መርዙን አያስወግደውም።

ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ፣ ቱቦው ገና በጠጠር ተሸፍኖ እያለ ሁለት በርሜል ውሃ ከላይኛው ጫፍ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። አንድ ሰው በመውጫው ቆሞ ሰዓት ይያዝ። ውሃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መውጣት ካልጀመረ ወይም ከገባው ብዙው ከቀረ፣ ዝቅዝቃቱ አንድ ቦታ ላይ ተገልብጧል፤ ከመሙላታችሁ በፊት በዚያው ቀን አስተካክሉት። ሐምሌ ላይ ዶፍ በወረደ በማግስቱ መጀመሪያ ምድር ቤቱን ሳይሆን ያንን የቱቦ አፍ ሄዳችሁ እዩ። ጥርት ያለ ውሃ እያወረደ ከሆነ ይሠራል፤ ጥቁር ጭቃ እያወረደ ከሆነ ጨርቁ ተቀዷል፣ ከመስቀል በኋላ የሚከፈተው ክፍል እርሱ ነው።